ሳይቃጠል በቅጠል፤ ግላኮማን በጊዜ ስለ መለየት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



በሕክምና ሥራ ውስጥ ሐኪምን የሚያሳዝነው መድኃኒት የሌለው በሽታ ብቻ አይደለም። መድኃኒት እያለለት፣ መድኃኒቱ የሚጠቅምበት ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሕመምተኛ ከዚያ ይልቅ ያሳዝናል። በዓይን ክፍል ውስጥ ይህን ኀዘን አዘውትሮ የሚያመጣው ግላኮማ ነው። አንድ የስድሳ ዓመት ገበሬ በልጁ እጅ ተመርቶ ከዓይን ክፍል በር ይደርሳል። አንደኛው ዓይኑ ብርሃንን ከጨለማ እንኳ አይለይም፤ ሁለተኛው ደግሞ በሸምበቆ ቀዳዳ የሚመለከት ያህል ጥቂት ስፍራ ብቻ ያያል። እስከዚያ ቀን ድረስ ለምን እንደ ዘገየ ሲጠየቅ፣ «ሞራ መስሎኝ እስኪበስል ስጠብቅ ነበር» ሲል ይመልሳል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ በአገሪቱ የዓይን ክፍሎች ለሚሠራ ባለሙያ እንግዳ አይደለም።

በሽታው በእርግጥ ሞራ ቢሆን ኖሮ ገበሬው በመዘግየቱ የሚያጣው የሥራ ዘመኑን ነበር፤ ብርሃኑ ግን በቀዶ ሕክምና ሊመለስለት ይችል ነበር። ግላኮማ ግን የወሰደውን አይመልስም። የሞተ የነርቭ ክር በጠብታም ሆነ በቢላዋ ሕይወት አይዘራም። ስለዚህ በዚህ በሽታ ረገድ «በጊዜ» የሚለው ቃል ከሕክምናው ጋር የሚነገር ምክር ብቻ አይደለም፤ የሕክምናው ዋና ክፍል ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ አዲስ መሣሪያ ወይም አዲስ መድኃኒት ማስተዋወቅ አይደለም። ግላኮማን በጊዜ የመለየቱ ሥራ የሚጀምረው በትልቁ ሆስፒታል ሳይሆን፣ አንድ ሰው በሌላ ምክንያት ዓይኑን ለማሳየት ወይም የታመመ ዘመዱን ለማድረስ ከባለሙያ ፊት በቆመበት ሰዓት መሆኑን ለማስረዳት ነው።

የበሽታው ጠባይ

በጤናማ ዓይን ውስጥ ከአይሪስ በስተኋላ ንጹሕ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይመነጫል። ፈሳሹ በብሌን በኩል አልፎ ወደ ፊተኛው ክፍል ይገባና፣ አይሪስና ኮርንያ በሚገናኙበት ማዕዘን ባለው ወንፊት መሰል ማጥለያ በኩል ይወጣል። መውጫው ሲታወክ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰው የእይታ ነርቭ አንድ ሚሊዮን ያህል ቀጫጭን ክሮች የተጠቃለሉበት ነው። እነዚህ ክሮች ከዓይን በሚወጡበት ስፍራ፣ ማለትም በነርቩ ራስ ላይ፣ ቀስ በቀስ ሲሞቱ በመካከሉ ያለው ጉድጓድ እየሰፋ ይሄዳል። ይህን ለውጥ በሕይወት ባለ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት የተቻለው ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1851 ኦፍታልሞስኮፕን ካስተዋወቀ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ በ1857፣ የአገሩ ሰው ግራፌ ድንገተኛው ግላኮማ ከአይሪስ ጥቂት በመቁረጥ ሊታከም እንደሚችል አሳወቀ።

በሽታው በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። አንደኛው ማዕዘኑ የሚዘጋበት ነው። ይህ ዓይነቱ በድንገት ሲነሣ ዓይንን ያቀላል፣ ራስን ይወቅራል፣ ያስመልሳል፣ በመብራት ዙሪያም ቀለበት ያሳያል። ማስመለሱ ባለሙያን አሳስቶ የሆድ በሽታ ሊያስመስለው ቢችልም፣ ሕመሙ ራሱ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ይነዳዋል። ሁለተኛው ማዕዘኑ ክፍት ሆኖ ሳለ የሚመጣው ነው። በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ የሚበዛው ይኸኛው ሲሆን፣ አያምም፣ አያቀላም፣ አያስለቅስም።

በሽተኛው አለመታመሙ ብቻ ሳይሆን ጉድለቱን አለማወቁም ምክንያት አለው። በመጀመሪያ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከመካከል ራቅ ያለው የእይታ ክፍል ነው። አንዱ ዓይን የሳተውን ሌላው ያሟላለታል፤ አንጎልም ክፍተቱን በአካባቢው ባለው መልክ እየሞላ ያልፈዋል። ስለዚህ ሰውየው ነገሩን የሚያውቀው በመቃኑ ትከሻውን መግጨት፣ በድንጋይ መሰናከል፣ ከጎኑ የሚመጣውን ሰው ማጣት ሲጀምር ነው። በዚያን ጊዜ እንኳ ምክንያቱን ለእርጅና ወይም ለድካም ይሰጠዋል። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ ይህ ሰው የፊደል ገበታ ፊት ቢቆም እስከ መጨረሻው መስመር ሊያነብ መቻሉ ነው። የመካከለኛው እይታ እስከ በሽታው መጨረሻ ሊቆይ ይችላልና፣ በገበታው ብቻ የሚመረምር ባለሙያ «ዓይንህ ደኅና ነው» ብሎ ያሰናብተዋል።

በኢትዮጵያ በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ማየት የተሳነው ሆኖ ተገኝቷል። ከዐይነ ስውርነቱ መንሥኤዎች 49.9 በመቶው የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ትራኮማ ያስከተለው የኮርንያ ጠባሳ፣ 5.2 በመቶው ግላኮማ ነበር። ከቁጥሩ አንጻር ግላኮማ ከሞራ እጅግ ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። በሞራ የታወሩት አብዛኞቹ ነገ ብርሃናቸው ሊመለስ የሚችል ሰዎች ናቸው፤ በግላኮማ የታወሩት ግን ለዘለዓለም ነው። ከዚህም በቀር ሞራና ትራኮማ በዘመቻ እየቀነሱ በሄዱ መጠን የግላኮማ ድርሻ ከፍ ማለቱ የማይቀር ነው። በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 ከሆኑ ሰዎች መካከል በ2013 በዚህ በሽታ የተያዙት 64.3 ሚሊዮን ያህል እንደነበሩና በ2040 ወደ 111.8 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቷል። በዚሁ ግምት ማዕዘኑ ክፍት የሆነው ግላኮማ ከሁሉ አብልጦ የሚገኘው በአፍሪካ ነው።

የግፊት ቁጥር ብቻውን ስለማይበቃ

ግላኮማ ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ግፊት መለካት ነው። ኖርዌያዊው ሽዮትዝ በ1905 ያወጣው ቶኖሜትር ለብዙ ዘመን በየአገሩ አገልግሏል። መርፌው የሚያሳየው ቁጥር ሲያንስ ግፊቱ ከፍ ያለ መሆኑን የሚያስረዳው ሰንጠረዥ ከሣጥኑ ጋር እንደነበረ ነባር ባለሙያዎች ያስታውሱታል። ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያለው ልክ እንደ ጤናማ ስለሚቆጠር፣ ከ21 በላይ የተገኘውን ሁሉ በሽተኛ፣ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ጤነኛ ማለት ቀላል መስሎ ይታያል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም።

በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ተካሂዶ በ1991 የታተመው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከ21 በላይ የሆነውን ግፊት እንደ ወሰን በመውሰድ በአንድ ጊዜ ልኬት የተያዙት፣ ግላኮማ ከነበረባቸው ሰዎች ግማሽ እንኳ አልሞሉም፤ 47 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ጤነኞቹን በትክክል የለየው ደግሞ 92 በመቶ ያህል ነው።

ይህ በአንድ ወረዳ ላይ ቢተረጎም ምን ይሆናል? ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ 1,000 ሰዎች ተሰብስበው ግፊታቸው ቢለካ፣ ከእነርሱም 40ዎቹ በሽታው ቢኖርባቸው፣ ልኬቱ 19 ያህሉን ይይዛል፤ 21ዱን ግን «ደኅና ናችሁ» ብሎ ወደ ቤታቸው ይመልሳል። ከ960ዎቹ ጤነኞች ደግሞ ከ70 የማያንሱትን በከንቱ አስደንግጦ ወደ ሆስፒታል ይልካል። አንድ ቀን ሙሉ በእግር ተጉዞ፣ ለትራንስፖርት በሬውን ወይም በጉን ሸጦ ሆስፒታል የደረሰ ሰው «ምንም የለብህም» ሲባል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ እንደማይመጣ መገመት አያስቸግርም። ከዚህ የከፋው ግን የተመለሱት የ21ዱ ሰዎች ነገር ነው። ምርመራ እንዳደረጉና ነጻ እንደሆኑ አምነው ይቀመጣሉና፣ ካልተመረመረው ሰው ይልቅ እነርሱ ይዘናጋሉ።

ግፊቱ ከፍ ያለ ሁሉም በሽተኛ አለመሆኑን በ2002 በአሜሪካ የወጣው ሰፊ ጥናት አስረድቷል። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነርቫቸው ገና ካልተጎዳ ሰዎች መካከል፣ ሳይታከሙ ከቆዩት በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው የታየባቸው 9.5 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ከታከሙት ግን 4.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ግፊት አደጋን የሚጠቁም ምልክት ነው፤ በሽታው ግን በነርቩ ላይ ነው፤ መታየት ያለበትም ነርቩ ነው።

በዚህ ምክንያት ሕዝብን በጅምላ ሰብስቦ መመርመር በሀብታም አገሮች እንኳ እስከ አሁን ሙሉ ድጋፍ አላገኘም። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አማካሪ ጉባኤ በ2013ም ሆነ በ2022 ምልክት የሌላቸውን አዋቂዎች ሁሉ ለግላኮማ መመርመር ያለውን ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታውቋል። ዊልሰንና ዩንግነር በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ያወጡት መመሪያም፣ ለተገኘው በሽተኛ ሕክምናና መታከሚያ ስፍራ ሳይዘጋጅ ፍለጋ መጀመር እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ይህ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። በአውሮፓ የተካሄደውና በ2002 ውጤቱ የታወቀው ጥናት፣ በሽታው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ሳለ የታከሙትን ካልታከሙት ጋር አነጻጽሯል። ስድስት ዓመት ያህል በተደረገው ክትትል በሽታው የባሰባቸው ካልታከሙት 62 በመቶ፣ ከታከሙት ደግሞ 45 በመቶ ነበሩ። በጊዜ የተገኘ ሰው ይጠቀማል፤ ጥያቄው እንዴትና የት ይገኛል የሚለው ብቻ ነው።

ሦስቱ በሮች

በሽተኞቹን ፍለጋ በየመንደሩ መዞር ሳያስፈልግ፣ እነርሱ ራሳቸው በሦስት በሮች ወደ ባለሙያው ይመጣሉ።

የመጀመሪያው በር የአርባ ዓመት ዕድሜ ነው። ልብስ ሰፊው ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ማስገባት ሲቸግረው፣ ዳዊት የሚደግሙት ካህን ፊደሉ ሲደበዝዝባቸው፣ መምህሩ የተማሪዎቹን ደብተር ራቅ አድርጎ መያዝ ሲጀምር፣ መነጽር ፍለጋ ይወጣሉ። ይህ የቅርብ እይታ መድከም ለማንም ሰው የማይቀር በመሆኑ፣ ጤነኛውን ሕዝብ ያለ ጥሪና ያለ ዘመቻ ከባለሙያ ፊት የሚያቀርብ ታላቅ አጋጣሚ ነው። ግላኮማም የሚበረታው ከዚሁ ዕድሜ ወዲህ ነው። ነገር ግን ልብስ ሰፊው ከገበያ አዟሪ መነጽር ገዝቶ መርፌውን ካየ፣ ወይም በመነጽር ቤት ቁጥሩ ብቻ ተለክቶ ከተሰናበተ፣ በሩ ይዘጋል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንዱ ዓይን ከጠፋ ወዲያ ነው። ስለዚህ ዕድሜው አርባ የሞላ ሰው ነርቡ ሳይታይ መነጽር ተሰጥቶት መሄድ የለበትም።

ሁለተኛው በር በሌላ የዓይን በሽታ የሚመጣው ሰው ነው። ለሞራ ቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ ሰው የብሌኑ ምላሽ ለብርሃን ሳይፈተሽ ወደ ጠረጴዛው መውጣት የለበትም፤ ሞራው ከተገፈፈ በኋላም ነርቡ ሊታይ ይገባል። በኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሲውዶኤክስፎሊየሽን የሚባለው ሁኔታ፣ ይኸውም በሌንሱ ፊትና በብሌኑ ዳር አመድ የመሰለ ነጭ ብናኝ መታየቱ፣ ሞራንና ግላኮማን አጣምሮ ስለሚያመጣ በተለይ ንቃት ይጠይቃል። ትራኮማ ያመጣው የሽፋሽፍት መቀልበስ ሊስተካከልለት የመጣ ሰውም እንዲሁ ነው። ከሕፃናት ወገን ደግሞ፣ ዓይናቸውን እያሳከካቸው ኮርቲዞን ያለበት ጠብታ ለብዙ ወራት ያለ ሐኪም ቁጥጥር የሚጨመርላቸው አሉ። ጠብታው ማሳከኩን ያስታግሣል፤ ግን በአንዳንዶቹ ዘንድ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ሳይታወቅ ነርቡን ይጎዳል። አልፎ አልፎም ከልደቱ ጀምሮ ግላኮማ ያለበት ሕፃን ያጋጥማል። ዓይኑ ከልክ በላይ ትልቅ ይሆናል፣ ያነባል፣ ብርሃን ይሸሻል። ትልቅ ዓይን እንደ ውበት በሚቆጠርበት አገር ወላጆች ምልክቱን በደስታ ሊመለከቱት ይችላሉና፣ የሕፃናት ክትባት የሚሰጥ ባለሙያ ይህን ማወቁ አንድን ልጅ ከመታወር ሊያድን ይችላል።

ሦስተኛው በር ቤተ ዘመድ ነው። በሆላንድ በሮተርዳም ተካሂዶ በ1998 የታተመው ጥናት፣ የግላኮማ በሽተኛ ወንድም፣ እኅት ወይም ልጅ የሆነ ሰው በዕድሜው ዘመን በሽታው የሚይዘው ዕድል ወደ 22 በመቶ ሲደርስ፣ በሽታው የሌለባቸው ሰዎች ዘመዶች ግን 2.3 በመቶ ብቻ መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ ከላይ የተጠቀሰውን ገበሬ በእጁ ይዞ የመጣውን ልጅ ማስታወስ ያስፈልጋል። አባቱ በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ልጁ በሩ አጠገብ ይቆማል፤ ባለሙያው አባትየውን መርምሮ፣ ለልጁ የጠብታውን አሰጣጥ አስረድቶ ሁለቱንም ያሰናብታል። ልጁ አርባ ዓመት የሞላው ወይም የተጠጋው ሊሆን ይችላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሕክምናው ሙሉ ጥቅም ሊሰጠው የሚችለው ሰው ግን ከአባቱ ይልቅ እርሱ ነበር። መሪው ራሱ ሊመረመር የሚገባው ሰው ነው፤ ነገር ግን ካርድ ስላላወጣ ማንም አይመለከተውም።

ምን መደረግ አለበት?

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ እጅግ የተወሳሰበ አይደለም። የእጅ መብራት ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እያዘዋወሩ የሁለቱን ብሌኖች ምላሽ ማነጻጸር በአንዱ ወገን የደረሰውን የነርቭ ጉዳት ሊያጋልጥ ይችላል። ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንዱን ዓይን አስከድኖ፣ ጣት ከጎን በማሳየት የእይታን ስፋት መፈተሽ ከፍ ያለውን ጉድለት ያሳያል። ዋናው ግን ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ በኦፍታልሞስኮፕ የነርቩን ራስ መመልከት ነው። ጉድጓዱ ምን ያህል ሰፍቷል? ጠርዙ በላይ ወይም በታች በኩል ሳስቷል? ከሁሉም በላይ፣ ሁለቱ ዓይኖች ይመሳሰላሉ? የጉድጓዱ ስፋት በነርቩ ራስ ስፋት ሲካፈል በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 ካለፈ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል። ግፊት መለካቱም ከዚህ ጋር ሲጣመር ትርጉም ያገኛል። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትንንሽ ኦፍታልሞስኮፖች በመገኘታቸው፣ ይህ ሥራ መብራት በሌለበት ጤና ጣቢያም ሊሠራ የሚችል ሆኗል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ዓይንን የማየት ልማድ ነው፤ ጤናማ ነርቭ ደጋግሞ ያላየ ባለሙያ የታመመውን አይለይምና።

ከተለየ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከመለየቱ አያንስም። በ1978 በአሜሪካ የተፈቀደው ቲሞሎል ዛሬም በብዙ ስፍራ የሚታዘዝ ጠብታ ነው፤ አስምና አንዳንድ የልብ ሕመም ላለበት ግን አይሰጥም። ኬርንስ በ1968 ያስተዋወቀው ትራቤኩሌክቶሚ የተባለው ቀዶ ሕክምና፣ ጠብታ ዘወትር ለማግኘት ለማይችል ሰው መፍትሔ ሊሆን ይችላል። በታንዛኒያ በ2021 የታተመው ጥናት ደግሞ፣ በአንድ ዓመት ክትትል በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶው፣ በቲሞሎል ከታከሙት ግን 31 በመቶው ብቻ የታሰበው ውጤት እንደተገኘባቸው አሳይቷል። መድኃኒት በማይዘወተርበት አካባቢ ይህ ትልቅ ቁም ነገር አለው።

ሆኖም ሕክምናውን ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው የመድኃኒት እጥረት ብቻ አይደለም፤ በደንብ ያልተነገረ ቃልም ነው። በሽተኛው ጠብታውን አንድ ወር ይጨምርና «ምንም አልጨመረልኝም» ብሎ ይተወዋል። እውነቱን ነው፤ አይጨምርለትም። ይህን በመጀመሪያው ቀን ያልነገረው ባለሙያ ግን አሳስቶታል። ለገበሬ ይህን ማስረዳት ከባድ አይደለም። እርከን ጎርፍ የወሰደውን አፈር አይመልስም፤ የቀረውን ግን ይይዛል። እርከኑን አፈሩ አልተመለሰም ብሎ የሚያፈርስ ገበሬ የለም። ጠብታውም እንዲሁ ነው። እንዲህ ተብሎ የተነገረው ሰው ጠብታውን የሚተውበት ምክንያት ይቀንሳል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

በአገሪቱ ያሉት የዓይን ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በከተማ ይሠራሉ። ስለዚህ ይህ ሥራ ለእነርሱ ብቻ የሚተው አይደለም። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ የመነጽር ባለሙያው፣ ጠቅላላ ሐኪሙ፣ እያንዳንዳቸው ከሦስቱ በሮች በአንዱ ላይ ቆመዋል። የሚጠየቀውም ሦስት ነገር ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነርቡ ሳይታይ መነጽር አይሰጠው። በሌላ የዓይን በሽታ የመጣው በዚያው በሽታ ብቻ ታይቶ አይሂድ። በግላኮማ በተያዘ ሰው ካርድ ላይም የወንድሞቹ፣ የእኅቶቹና የልጆቹ ስም ይጻፍ፤ መጥተው እስኪመረመሩም ይጠየቅ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እሳቱ ገና ጭስ ሳለ ነው። በግላኮማ ግን ጭሱም አይታይም፤ ሳይጠሩት የሚፈልገው ባለሙያ ያሻል። ነገ ጧት በአንድ ዓይን ክፍል በር ላይ አንድ ሽማግሌ በልጁ እጅ ተመርቶ ሲደርስ፣ ለአባትየው የሚቻለው ሁሉ ይደረግለት። ከዚያ በኋላ ግን በሩ አጠገብ ለቆመው ልጅ አንድ ወንበር ይሳብለት።